የቅጣት መክበድ ወንጀልን ያጠፋልን?

«አንድ ጊዜ ያጠፋ ይመከር፤ ሁለተኛ ያጠፋ ይቀጣ፤ በሦስተኛው ግን ዕድሜ ልኩን ይዘጋበት» የሚለው አሳብ ለጆሮ ይስማማል። በሥራ ሲውል የሚያስገኘውን ውጤት ለማወቅ ግን የካሊፎርኒያን የ1994 እ.ኤ.አ. ሕግ መመርመር ይጠቅማል።

ይህ ሕግ፥ አስቀድሞ በሁለት ከባድ ወንጀሎች የተፈረደበት ሰው ፌሎኒ ከተባለው መደብ የሆነ ማናቸውንም ሦስተኛ ወንጀል ቢሠራ፥ ከ25 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ እንዲታሰር አዘዘ። ሦስተኛው ጥፋት ከባድ እንዲሆን አላስፈለገም። ስለዚህ በኢዊንግ ጉዳይ፥ እያንዳንዳቸው 399 ዶላር የሚያወጡ ሦስት የጎልፍ መምቻዎች የሰረቀ ሰው ይኸው ቅጣት ደረሰበት፤ የአገሪቱም ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2003 በ5 ድምፅ ለ4 አጸናው።

ታዲያ ወንጀል ቀነሰን? በእርግጥ ቀነሰ። ነገር ግን መቀነስ የጀመረው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሲሆን፥ ይህን የመሰለ ሕግ ባልነበራቸው ግዛቶችም በዚያው ዘመን ቀንሷል። የሆነ ሆኖ ሕጉ ከንቱ ነበር ማለት አይቻልም፤ ሄላንድና ታባሮክ የተባሉ ሊቃውንት በ2007 ባወጡት ጥናት፥ ሁለት ጥፋት በተመዘገበባቸው ሰዎች ላይ በከባድ ወንጀል መያዝ ከ17 እስከ 20 በመቶ መቀነሱን ገልጸዋል። ጥያቄው ዋጋው ነው።

ብዙ ሰው ወንጀል የሚሠራው በጉርምስናና በወጣትነት ነው፤ ዕድሜው ሲገፋ ይተወዋል። ስለዚህ ሽማግሌውን እየቀለቡ ማሰር «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደ ተባለው ይሆናል። ደግሞም ሌባ ሲወጣ የሚያስበው «አልያዝም» ብሎ እንጂ የዓመቱን ብዛት ቆጥሮ አይደለም። ቤካሪያ በ1764 እንዳስተማረው፥ የሚያስፈራው የቅጣቱ መክበድ ሳይሆን አለመቅረቱ ነው።

የካሊፎርኒያ ሕዝብም በ2012 ድምፅ ሰጥቶ፥ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር ሦስተኛው ጥፋት ከባድ ወይም የኃይል ወንጀል እንዲሆን ሕጉን አሻሻለ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ዳኛው በደጋጋሚ ወንጀለኛ ላይ ቅጣት እንዲያከብድ ይፈቅድለታል። ነገ በዳኝነት ወንበር የሚቀመጥ ተማሪ ሁሉ፥ ዓመት ከመጨመሩ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ የተጨመረው ዓመት ማንን ከምን ያድናል? ያው ገንዘብ ወንጀለኛን ፈጥኖ ለመያዝና ከእስር የወጣውን ሥራ ለማስያዝ ቢውልስ?