ካርቱን ሁሉ የልጅ አይደለም

(በሬዲዮ ከቀረበ ስብከት ለንባብ የተዘጋጀ)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ካርቱን ነው። «ፓስተር፣ ደግሞ ካርቱን ምን ስብከት ይወጣዋል?» የሚል አይጠፋም። ቆዩ፣ ይወጣዋል። እናት እንጀራ ስትጋግር ሕፃኑ እሳት ዳር እንዳይመጣ ስልኩን ትሰጠዋለች። አባት ቀኑን ሙሉ ሩዝ ሲያርም ውሎ እግሩ እንደራሰ ይገባል፤ ልጁ ጥግ ይዞ ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። «ምን እያየ ነው?» ይላል። «ካርቱን ነው» ትለዋለች። በቃ፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። «ካርቱን ነው» ካልን በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አይጠይቅም። እኔ ግን ጥያቄው መጀመር ያለበት እዚያ ላይ ነው እላለሁ።

ሥዕሉ የልጅ፣ ነገሩ የአዋቂ

ወገኖቼ፣ ካርቱን የሥዕል ዓይነት ነው እንጂ የዕድሜ ዓይነት አይደለም። ተስሎ የሚንቀሳቀስ ፊልም ማለት ነው። በእርሱ ለሕፃን ፊደል ማስተማር ይቻላል፤ በእርሱ ስለ ግድያ፣ ስለ ዝሙት፣ ስለ ስካር፣ ራስን ስለ ማጥፋትም መተረክ ይቻላል። ሥዕሉን ብቻ አይቶ ውስጡን ማወቅ አይቻልም።

ጥቂት ምሳሌ ልስጣችሁ። «ሃፒ ትሪ ፍሬንድስ» የሚባል እ.ኤ.አ. በ1999 በኢንተርኔት የጀመረ የአሜሪካ ካርቱን አለ። ትንንሽ፣ ክብ ክብ ያሉ፣ የሚያማምሩ የዱር እንስሳት ናቸው። አንድ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እነዚያ እንስሳት በደም ተጨማልቀው፣ አካላቸው ተቆራርጦ ይሞታሉ፤ ቀልዱም ያ ነው። «ቦጃክ ሆርስማን» እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ነው። ዋናው ሰው የፈረስ ራስ ያለው ነው፤ ታሪኩ ግን ስለ መጠጥ ሱስና ተስፋ ስለ መቁረጥ ነው።

ለእኛ ለአማኞች ይበልጥ የሚያሳስበው «ሃዝቢን ሆቴል» ነው። የመጀመሪያው ሙሉ ክፍለ ጊዜ በአማዞን ፕራይም የወጣው እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ነው። ታሪኩ ያለው ሲኦል ውስጥ ነው። የሉሲፈር ልጅ ናት የተባለች ፈገግታ የማይለያት ወጣት ኃጢአተኞች ከሞቱ በኋላ ተለውጠው መንግሥተ ሰማይ እንዲገቡ ሆቴል ትከፍታለች። መላእክቱ ደግሞ በየዓመቱ እየወረዱ የሚገድሉ ተደርገው ተስለዋል። ዘፈን አለው፣ ቀለሙ ያምራል። ስድቡና የፍትወት ንግግሩ ግን ለልጅ ጆሮ አይደለም። ትምህርቱም ለሰው አንድ ጊዜ መሞት ከዚያም ፍርድ ተወስኗል ከሚለው ከዕብራውያን 9፥27 እውነት ጋር አይገናኝም።

እውነቱን ለመናገር ግን የእነዚህ ፊልሞች ሠሪዎች «ለልጆች ነው» አላሉም። ለአዋቂ ነው ብለው ጽፈውበታል። ችግሩ ጽሑፉ የሚቀረው ፊልሙ በወጣበት ቦታ መሆኑ ነው። ፊልሙ ተቆራርጦ አጭር ቪዲዮ ሲሆን፣ በሚሞሪ ተጭኖ ሲሸጥ፣ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር፣ የዕድሜው ምልክት መንገድ ላይ ይቀራል። ልጃችሁ እጅ የሚደርሰው የሚያምረው ሥዕል ብቻ ነው።

ሆን ብለው የሚያታልሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ልጆች የሚወዷቸውን የኤልሳን፣ የስፓይደርማንን፣ የፔፓ ፒግን መልክ ወስደው አስፈሪና ነውረኛ ነገር የሚያሳዩ ብዙ ቪዲዮዎች በዩቲዩብ ላይ ተገኙ። ለልጆች ተብሎ በተለየው በዩቲዩብ ኪድስ ውስጥ ሳይቀር ገብተው ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ቁጥጥሩን እንደሚያጠብቅ አስታወቀ፤ ቻናሎችንም ዘጋ። ጌታ ኢየሱስ የበግ ለምድ ለብሰው ስለሚመጡ ተኩላዎች ያስጠነቀቀው (ማቴ. 7፥15) ስለ ሐሰተኞች ነቢያት ነው። ነገር ግን ለምዱን አይቶ በጉን አለማመን ለዚህም ይሠራል።

ለምን እንዲህ ያምራል?

ኮንራድ ሎሬንዝ የተባለ የኦስትሪያ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1943 አንድ ነገር ጽፎ ነበር። ትልቅ ራስ፣ ሰፊ ዓይን፣ ክብ ጉንጭ ስናይ ልባችን ይራራል፤ ሕፃን ይመስለናልና እንጠጋዋለን አለ። እግዚአብሔር ይህን በልባችን ያኖረው ሕፃናትን እንድንንከባከብ ነው። ካርቱን ሠሪ ይህን ያውቃል። ዓይኑን አስፍቶ ሲስለው በራችን ሳይንኳኳ ይከፈታል። በሩ ከተከፈተ በኋላ የሚገባው ግን መልካምም ክፉም ሊሆን ይችላል።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1988 ጃፓን ውስጥ የሆነውን ተመልከቱ። ጊብሊ የተባለው ስቱዲዮ ሁለት ካርቱኖችን በአንድ ቀን፣ ጎን ለጎን አወጣ። አንዱ «ጎረቤቴ ቶቶሮ» ነው፤ ሁለት እኅትማማች ጫካ ውስጥ ደግ ፍጡር የሚያገኙበት። ሁለተኛው «የእሳት ዝንቦች መቃብር» ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤታቸው በቦምብ የተቃጠለባቸው ወንድምና እኅት በረሃብ የሚሞቱበት። ለቶቶሮ የመጣ ቤተሰብ ያንንም ተቀምጦ አየ። ሁለቱም ያምራሉ፣ ሁለቱም ካርቱን ናቸው። ሁለተኛው ክፉ ፊልም አይደለም፤ ጦርነት በሕፃን ላይ ምን እንደሚያደርግ የሚናገር እውነተኛ ልቅሶ ነው። ግን የ5 ዓመት ልጅ ብቻውን ሊሸከመው ይችላል?

ከባድ ነገር ሁሉ ክፉ ነገር ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንዳንዱ ወንድም ይህን ሲሰማ «ካርቱን የሚባል ከቤቴ ይውጣ!» ይላል። እስቲ በመጀመሪያ የሰንበት ትምህርት ቤታችሁን ግድግዳ ተመልከቱ። የኖኅ መርከብ ተስሏል፣ አይደል? ቀጭኔዋ አንገቷን አውጥታ፣ ዝሆኑ በመስኮት እየሳቀ፣ ቀስተ ደመናው ከላይ። ያማረ ሥዕል ነው። ታሪኩ ግን ምንድን ነው? ዓለም በውኃ የጠፋበት ፍርድ ነው። በየክረምቱ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ሲያለብሱት የምናይ የፎገራ ሰዎች ውኃ ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ነቢዩ ናታን ንጉሥ ዳዊትን ሊገሥጽ ሲሄድ ምን ይዞ ሄደ? የአንዲት ትንሽ በግ ታሪክ (2ሳሙ. 12)። ድሃው እንደ ልጁ ያሳደጋት፣ ከእጁ የምትበላ፣ እቅፉ ውስጥ የምትተኛ በግ። ዳዊት ልቡ ራራ፤ ተቆጣም። ከዚያ በኋላ ነው በታሪኩ ውስጥ ያለው ምንዝርና ደም መሆኑን ያወቀው። ኢዮአታምም 70 ወንድሞቹ ከተገደሉ በኋላ ለሰቂማ ሰዎች የተናገረው ስለሚነጋገሩ ዛፎች ነው (መሳ. 9)። እንግዲህ በልጅ ተረት መልክ ከባድ እውነት መናገር የሰይጣን ፈጠራ አይደለም። መጽሐፍ ቅዱስ ቀድሞ አድርጎታል።

አባቶቻችንም ያውቁበት ነበር። «አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ» የምንለው የእንስሳት ተረት አይደል? ውስጡ ያለው ግን ጉልበተኛ ደካማን በሰበብ እንዴት እንደሚበላ ነው። አባባ ተስፋዬ ሣህሉ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለአሥርተ ዓመታት ልጆችን ሰብስበው ተረት ሲነግሩ ያደግን ብዙ ነን። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ያኔ ጅቡ ሲመጣ የሚተርክ ሰው አጠገባችን ነበረ። ስንፈራ እናያቸዋለን፤ ትርጉሙን ይነግሩናል። ስልክ ግን ያስፈራል እንጂ አያቅፍም።

ስለዚህ ጥያቄው «ከባድ ነገር አለበት ወይ?» ብቻ አይደለም። «ከባዱን ነገር ወዴት ይወስደዋል? ልጄስ አጠገቡ ማን አለ?» ነው።

የእኛው ሀገር ምሳሌ

ብሩክታዊት ጥጋቡ የተባለች የአንደኛ ደረጃ መምህርት ከባለቤቷ ጋር ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕን መሥርታ «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን አዘጋጀች። የ6 ዓመቷን ቀጭኔ ፀሐይን ልጆቻችሁ ያውቋታል። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2008 የጃፓን ሽልማትን አግኝቷል። ይኸው ድርጅት በኋላ «ጥበብ ገርልስ» የሚል ካርቱን ሠራ። የሀገራችንን ጥበብ የለበሱ፣ ልዩ ኃይል ያላቸው ልጃገረዶች ናቸው። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። የሚታገሉት ግን ያለዕድሜ ጋብቻን፣ የወር አበባን ማሳፈሪያ ማድረግን፣ ሴት ልጅን ከትምህርት ማስቀረትን ነው።

ይህ ጨለማ ነገር ነው፤ ግን የእኛ ጨለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆነ ሴቶች ግማሾቹ 17 ዓመት ከ1 ወር ገደማ ሲሞላቸው አግብተው ነበር፤ በአማራ ክልል ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። ሕጉ ግን ግልጽ ነው። የክልላችን የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 ልጅቷ 13 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል ይላል።

እንግዲህ አንተ አባት፣ የ12 ዓመት ልጅህ ይህን ካርቱን አይታ «አባዬ፣ እኔንም እንዲህ ትድሩኛላችሁ?» ብላ ብትጠይቅህ ምን ትመልስላታለህ? «ዝም ብለሽ ተኚ» ትላለህ? ወይስ «ልጄ፣ አንቺ የእግዚአብሔር አደራ ነሽ፤ ትማሪያለሽ፤ ጊዜው ሲደርስ ራስሽ ፈቅደሽ ታገቢያለሽ» ትላታለህ? ይህን ቃል በቤተ ክርስቲያን ፊት ጮኸን ከምንለው ይልቅ በምድጃ ዳር ቀስ ብለን ብንላት ይሻላታል። አንዳንድ ካርቱን ይህን በር ይከፍትልናል። በሩን መልሰን አንዝጋው።

እንዴት እንለይ?

ሩዝ የሚያርም ሰው ያውቃል። ሩዝ መስሎ የሚበቅል አረም አለ። ቡቃያው እያለ እንግዳ ሰው ቢገባ ሩዙን ነቅሎ አረሙን ይተዋል። ልማድ ያለው ግን ጎንበስ ብሎ፣ ቅጠሉን በእጁ ይዞ ይለየዋል። ከመንገድ ላይ ሆኖ ማሳው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ጌታም ስለ እንክርዳዱ ሲያስተምር (ማቴ. 13) እርሻው ዓለም እንደሆነ፣ የዓለሙን መከር የሚሠሩትም መላእክት እንደሆኑ ነግሮናል። የዓለምን ፊልም ሁሉ መንቀል የእኛ ሥራ አይደለም። ቤትህ ግን የተሰጠህ ማሳ ነው፤ እሱን ጎንበስ ብለህ ማረም አለብህ።

ጎንበስ ስትሉ እነዚህን ጠይቁ።

1ኛ፦ ክፋቱ ይሳቅበታል ወይስ ይለቀስለታል? የሌላው ሥቃይ መሳቂያ ከሆነ ልጁ የሚማረው ጭካኔ ነው። 

2ኛ፦ ክፉ የሠራ ሰው ዋጋ ይከፍላል? የተበደለውስ ይታያል ወይስ ይረሳል? 

3ኛ፦ ሲያልቅ ልጁ ምን ይዞ ይነሣል? እውነትና ተስፋ ነው ወይስ ፍርሃት ብቻ? 

4ኛ፦ ለዕድሜው ነው? ለ15 ዓመት ልጅ መልካም ውይይት የሚሆነው ለ6 ዓመቱ የሌሊት ቅዠት ሊሆን ይችላል። ወተት የሚጠጣና ጠንካራ ምግብ የሚበላ እንደሚለዩ ቃሉም ይነግረናል (ዕብ. 5፥13–14)።

ከዚያ ሥራው ይቀራል። አዲስ ካርቱን ሲመጣ አንድ ክፍል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ራሳችሁ እዩ፤ መግቢያው ብቻ አይበቃም፣ ክፉው ብዙ ጊዜ መሐል ላይ ነውና። ማንበብ የማትችሉ እንደሆነ የተማረ ልጃችሁን ወይም የሕፃናት አገልጋዮችን ጠይቁ፤ አያሳፍርም። ስልኩ ራሱ ቀጣዩን ቪዲዮ እንዳይከፍት አዘጉት። ሚሞሪ ስታስጭኑ «የልጅ ፊልም ጫንልኝ» ብላችሁ አትሂዱ፤ ስሙን ጠርታችሁ አስጭኑ። ልጅ ሰው በሚያየው ቦታ ተቀምጦ ይይ እንጂ ብርድ ልብስ ውስጥ አይሁን። የሕፃናት አገልጋዮችም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የምታሳዩትን፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ካርቱን እንኳ ቢሆን፣ አስቀድማችሁ እዩት።

ልጁ ክፉ ነገር አይቶ ብታገኙትስ? አትምቱት። የተመታ ልጅ ማየቱን አይተውም፤ መናገሩን ግን ይተዋል። «ምን አየህ? ምን ተሰማህ? ያስፈራህ የቱ ነው?» በሉት። ልጅ ያየውን ለወላጁ መንገር ከቻለ ፍርሃቱ ግማሽ ሆኗል። ከዚያ እጃችሁን ጭናችሁ ጸልዩለት።

ኦሪት ዘዳግም 6፥7 የእግዚአብሔርን ቃል ለልጆች ስናስተምር በቤት ስንቀመጥም፣ በመንገድ ስንሄድም፣ ስንተኛም ስንነሣም እንድንነጋገርበት ያዝዘናል። ይህ ትእዛዝ የተሰጠው ለፓስተር አይደለም፤ ለስልክም አይደለም። ለአባትና ለእናት ነው። ዛሬ ማታ ሌላ ምንም ባታደርጉ አንድ ነገር አድርጉ፤ ከልጃችሁ ጎን ተቀመጡና «እስቲ አብረን እንየው» በሉት።

እግዚአብሔር አምላክ የልጆቻችሁን ዓይንና ልብ ይጠብቅ። ቤታችሁን ይባርክ። አሜን።