አዝማሪና ፖድካስት፤ የዘፈን፣ የቀልድና የታሪክ አንድነት

ፖድካስት የሚባለው በኢንተርኔት የሚሠራጭ የድምፅ ዝግጅት በዘመናችን ሰዎች ዘንድ እጅግ ተለምዷል። ስሙ በእንግሊዝ ጋዜጣ ላይ የታየው በየካቲት ወር 1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ አይፖድ ከተባለው ኪስ ከሚገባው የሙዚቃ መሣሪያ ስምና ሥርጭት ማለት ከሆነው የእንግሊዝኛ ቃል ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። ዝግጅቶቹ በየዓይነታቸው ተለይተው ይደረደራሉ፤ ሙዚቃው ለብቻ፣ ቀልዱ ለብቻ፣ ታሪኩም ለብቻ ነው። የአገራችን አዝማሪ ግን ሦስቱን በአንድ ማሲንቆ አዋሕዶ ሲያቀርብ ኖሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን አስተያይቶ፣ ልዩነታቸው ለባህል ጥናት የሚሰጠውን ትምህርት ማስረዳት ነው።

አዝማሪ የሚለው ቃል ዘመረ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ በመሆኑ ከመዝሙር ጋር አንድ ሥር አለው። ማሲንቆውም በቆዳ የተለበጠ ባለ አራት ማዕዘን ሳጥን፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታርና ደጋን ያለው ነው። መሣሪያው ቀላል ቢመስልም ሥራው ብዙ ነው። አዝማሪው ጋባዡን ያወድሳል፤ እንግዳውን በቀልድ ይነካል፤ የጀግናን ሥራና የሹምን ግፍ ያወሳል። ነገሩን በሰምና ወርቅ ስለሚሸፍነው፣ ሰሙን የሰማ ይሥቃል፤ ወርቁን ያገኘ ያስባል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባ የአድማጩ ድርሻ ነው። ከታዳሚዎቹ አንዱ «ተቀበል» ብሎ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪውም ስንኙን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ሌላው ደግሞ በተራው መልስ ይሰጣል። እንግዲህ ጨዋታው የአንድ ሰው ሳይሆን የጉባኤው ሁሉ ድርሰት ነው።

ይህ ኃይል ከባዕድ ገዢ ዓይን አልተሰወረም። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ ግራዚያኒ ጠንቋዮችና ትንቢት ተናጋሪዎች ከዘዋሪ አዝማሪዎች ጋር እንዲገደሉ አዘዘ፤ ምክንያቱም በሕዝቡ መካከል ወሬ እየነዙ ዓመፅ ያነሣሣሉ የሚል ነበር። ዘፈን ከታሪክ፣ ሣቅም ከፖለቲካ ተለይቶ እንደማይኖር ጠላት እንኳ ተረድቶት ነበር ማለት ነው።

ፖድካስት በበኩሉ ሌላ ጥቅም አለው። አድማጩ በፈቀደው ሰዓትና ስፍራ ይሰማል፤ ያቆማል፤ መልሶም ያደምጣል። በስደት ያለውም የቋንቋውን ድምፅ ያገኝበታል። ይሁን እንጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደምጠው ለብቻው ነው፤ አስተያየቱን በኋላ ቢጽፍም ቃሉ በተቀረጸው ጨዋታ ውስጥ አይገባም።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ተሰማ እሸቴ ጀርመን አገር ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ ስላስቀረጹ ድምፃቸው እስከ ዛሬ ይሰማል። የአዝማሪ ቤት ታዳሚ ግን ግጥም የሰጠው ማን እንደ ነበረ፣ በማን እንደ ተሣቀ፣ ማንስ ተቀይሞ እንደ ወጣ ድምፅ መቅረጫው ብቻውን አይነግረንም። ስለዚህ የባህል ተማሪ ድምፁን ሲቀርጽ ሁኔታውንም አብሮ መጻፍ ይገባዋል። ፖድካስቱንም ቢሆን ለዘለዓለም የተቀመጠ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው፤ አዘጋጁ የማስቀመጫውን ኪራይ መክፈል ባቆመ ጊዜ ሊጠፋ ይችላልና። አዝማሪው ሲሞት ግጥሙ በሰሚው አፍ ይተርፍ ነበር፤ ሰሚው ዝም ብሎ የሚያደምጥ ብቻ ከሆነ ግን ማን ያተርፈዋል? ጥናታችን ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።