ማሽላ የሚበላው አውሬ ባለቤቱ ማን ነው?

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤

ይህችን ሐሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የገበሬ ጉዳይ ቢመስልም ደንብ የሚያረቁትና የሚያስፈጽሙት በየመሥሪያ ቤቱ ያሉት አንባብያን ስለሆኑ፤ የምጽፈው ለእነርሱ ነው።

በሚኤሶ ቆላ ማሽላ ባሸተ ቁጥር ከክፍሌ ተማሪ ይጎድላል። ልጁ ሰንፎ አይደለም። ሌሊቱን ማማ ላይ ሆኖ ከርከሮና ጃርት ሲያባርር ያድራል፤ ቀን ደግሞ ወንጭፉን ይዞ ዝንጀሮ ሲጠብቅ ይውላል። አምና አንዱ ተማሪ ሦስት ሳምንት ቢቀርብኝ አባቱን ልወቅስ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። ሽማግሌው አንድም ቃል ሳይመልሱ ወደ እርሻቸው ዳር ወሰዱኝና ተመልሶ የተደፈነ ጉድጓድ አሳዩኝ። ለከርከሮ የቆፈሩት ነበር፤ አንድ ሌሊት ግን አጋዘን ገብቶበት ሞተ። በጨለማ ቀበሩትና ለማንም ሳይናገሩ ተቀመጡ።

«መምህር፤ እስቲ እርስዎ ተምረዋልና ይንገሩኝ» አሉኝ። «ይህ አውሬ የማን ነው? የማንም ካልሆነ እኔ ለምን እታሰራለሁ? የመንግሥት ከሆነም ማሽላዬን የበላው የመንግሥት ከብት ነዋ!»

መልስ አጣሁ። ቤቴ ገብቼ ሕጉን ሳገላብጥ የሽማግሌው ጥያቄ ከመጽሐፉ ውስጥ ጠበቀኝ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1151 ባለቤት የሌለውን ግዑዝ ተንቀሳቃሽ ነገር በእጁ ያደረገ ሰው ባለቤቱ ይሆናል ይላል። ያው ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የጎረቤት በሬ ማሽላ ቢበላ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ጉዳቱን ይገምታሉ፤ ባለበሬውም ይከፍላል። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ደግሞ የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ሕጉን ለተላለፈ ሰው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ወስኖ ነበር። አውሬው እንግዲህ ባለቤት የሚያገኘው ሲገደል ነው፤ ማሽላ ሲበላ ግን ባለቤት የለውም።

አደን ለሁሉ ይፈቀድ ማለቴ አይደለም። ዝሆን ገድሎ መፎከር ማዕርግ በነበረበት አገር ዳግማዊ ምኒልክ የዝሆንን አደን መገደባቸው፤ በ1936 ዓ.ም. የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ መታወጁ፤ በ1982 ዓ.ም. በጭሮ አጠገብ ቁኒ ሙክታር ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር ለማይገኘው ለደጋ አጋዘን መከለሉ፤ ሁሉም ተገቢ ሥራ ነው። ይህንንም ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። የሚኤሶም ሰው ቢሆን ሥጋ አምሮት ጉድጓድ አይቆፍርም፤ ከርከሮን እስላሙም ክርስቲያኑም አይበላውምና!

የሚያሳዝነው ሌላ ነው። ከእኛ ብዙም ሳይርቅ ከአፍደም እስከ ገዋኔ ያለው አገር ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ ተብሎ ተከልሎ ነበር። ገንዘብ ያለው የውጭ አገር አዳኝ ፈቃድ አውጥቶ ቀንዱን ግድግዳው ላይ ይሰቅላል። የግሪሳ ወፍ በማሽላ ላይ ሲወርድም መንግሥት በአውሮፕላን መድኀኒት ያስረጫል፤ ይህም መልካም ነው። እኚህ አባት ግን ስለ ከርከሮ ለማን እንደሚያመለክቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን እንግሊዞች በ1217 በነርሱ አቈጣጠር ባወጡት የደን ቻርተር የንጉሥን አጋዘን የገደለ ሰው ሕይወቱን ወይም አካሉን እንዳያጣ መወሰናቸውን ተምረናል። ጎረቤታችን ኬንያም በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አውሬ ለሚያጠፋው ሰብል ካሣ አስባለች፤ ክፍያው ይዘገያል የሚል ስሞታ ቢበዛበትም ገበሬው ቢያንስ መጠየቂያ በር አለው።

ስለዚህ የምለምነው ጥቂት ነው። በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የአውሬ ጉዳት የሚመዘግብ አንድ ሰው ይመደብ። ሰብል ለሚያጠፋው ለከርከሮ ብቻ፤ ለታወቀ ጊዜና በታወቀ መንገድ፤ የማጥመድ ፈቃድ እዚያው ይሰጥ። አጋዘን ሳይታሰብ ወጥመድ ውስጥ የገባበት ሰውም በማግሥቱ መጥቶ ቢናገር እንደ ሌባ አይቈጠር።

ማሽላው በጥቅምት ያሸታል። ልጁም ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ መምህር፤ ከሚኤሶ