ለብሼ ልምጣ

ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ፣ በፎቶ ሥራ የምተዳደር የደብረ ማርቆስ ልጅ ነኝ። ሠርግ በብርዱ ወራት ይቀዘቅዛል። ጉርድ ፎቶም አገሩ ከግንቦት 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለፓስፖርትና ለመታወቂያ የሚሆነውን በወረቀት መቀበል ስላቆመ እንደ ድሮው አይደለም። የማይቋረጠው የለቅሶ ፎቶ ነው።

መርዶ በተነገረ ማግስት ይደወላል። «ወንድሜ፣ እናቴ አርፋ ነው። አንድ ፎቶ አለችኝ፤ አሳድገህ ለቅዳሜ ታደርስልኛለህ?» እግዜር ያጥናህ እለዋለሁ፣ ላክልኝም እለዋለሁ። ቅዳሜ ያገር ልጅ በኪራይ አዳራሽ ይሰበሰባል። ድንኳን የለ፣ አስለቃሽ የለ፤ ቀብሩ እንደሆነ ጎጃም ተፈጽሟል። ሰው ገብቶ የሚያለቅሰው ጠረጴዛ ላይ ለቆመው ፎቶ ነው።

ችግሩ የሚላከው ፎቶ ነው። ከስልክ ስልክ ሲዞር ከስቷል። ሃምሳ በሰባ ሴንቲ ሜትር ለማተም በወርዱ 3,000 ያህል ነጥብ እፈልጋለሁ፤ የሚደርሰኝ ሲበዛ 800 ነው፣ ከዚያም ውስጥ የፊታቸው ድርሻ ትንሽ ነው። እናትየው ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብለው ሲያቦኩ፣ ወይም ምድጃ ሥር ጢሱን ሲሸሹ ድንገት ተጠርተው ዞር ያሉበት ነው። ደብዛዛ ፊት እናጠራለን የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ፤ ሞክሬያቸዋለሁ። የአንገቱን ንቅሳት እንደ እድፍ ቆጥረው ያጸዱታል፣ ማተቡን ግማሹን ይበሉታል፣ ዓይኑን ከየት እንደሚያመጡት እንጃ አዲስ ይሠሩታል። ፎቶው ይጠራል፤ ሴትዮዋ ግን የማንም እናት ይሆናሉ። ስለዚህ ብዥታውን እንዳለ ትቼ፣ መጠኑን አሳንሼ በሃያ በሠላሳ ነው የማትመው። ደንበኛው ትልቅ ሲፈልግ እንከራከራለን።

እንዲህ ያለው ፎቶ የሚነሣው ደግሞ በጥላቻ አይደለም፤ በፍቅር ነው። ልጁ ከስንት ዓመት በኋላ ለመስቀል ወይም ለገና አገሩ ይገባል፣ ስልኩን ያወጣል። እናት ካሜራ ባዩ ጊዜ የሚሉት አንድ ነው፦ «ቆይ ልጄ፣ ለብሼ ልምጣ።» ገብተው ፊታቸውን ይታጠባሉ፣ ነጩን ቀሚስ ከሣጥን ያወጣሉ፣ ነጠላውን አስተካክለው ከደጅ ይቆማሉ፤ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ሳይስቁ፣ ቀጥ ብለው። ልጁ አይጥመውም። «ኧረ እማዬ፣ ዘና በይ እንጂ!» ይላል። እንዲያውም ለብሰው እስኪመጡ አይጠብቅም፤ ሳያውቁ ያነሣቸዋል። ያለ ዝግጅት የተነሣ ፎቶ እውነተኛ ነው የሚል ጣዕም እዚህ አውሮፓ ተምሯል።

ጣዕሙ የራሱ ታሪክ አለው። ላይካ የምትባለው ትንሽ ካሜራ በ1925 ለገበያ ስትቀርብ ፎቶ አንሺው ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ ጥሎ መንገድ ለመንገድ መሮጥ ቻለ፤ ፈረንሳዊው ካርቲየ ብሬሶን በ1952 ባሳተመው መጽሐፍ ቅጽበትን የማደን ጥበብ ለዓለም አስተማረ። ሥራዎቹን እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን አላፊ አግዳሚ የተነሣበት መንገድ ለእናት ይሆናል ብዬ አላምንም።

አውሮፓም ሌላ ልማድ አላት። አውጉስት ዛንደር የኮሎኝ ፎቶ አንሺ ነበር። ከከተማው ሥራ ሲያርፍ በብስክሌት ወደ ቬስተርቫልድ ኮረብታዎች እየወጣ ገበሬዎችን ያነሣ ነበር፤ የሚከፍሉት ደንበኞቹ ነበሩና የሚነሡት እንደፈለጉ ነው። በ1914 ያነሣቸው ሦስት ወጣቶች ዛሬ በዓለም የታወቁ ናቸው፦ ጥቁር ሱፍ ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከዘራ ይዘው፣ ጭቃ መንገድ ላይ ቆመው ካሜራውን ትክ ብለው ያዩታል። መጀመሪያ ያየኋቸው ጊዜ ያገሬ የሮብ ገበያ ሰዎች መሰሉኝ። ሱፉን በጋቢ፣ ከዘራውን በዱላ ለውጡት፤ አቋቋሙ ያው ነው። አንድም ሰው ግን ዛንደርን ገበሬዎቹን አስመስለህ አቆምካቸው ብሎ አይወቅሰውም። በ1929 ያወጣውን መጽሐፍ ናዚዎች ጠልተውት በ1936 የማተሚያ ሰሌዳዎቹን አጠፉበት፤ ሰውን ሁሉ በየክብሩ ማቆሙ ለእነሱ የሚመች አልነበረም።

ሌላም ልጨምር፤ ከሙያዬ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ነው። የቀድሞው የጀርመን ቻንስለር ቢስማርክ በ1898 ሲሞት ሁለት ፎቶ አንሺዎች በሌሊት ሾልከው ገብተው አስከሬኑን አልጋው ላይ አነሡ። ራሱ በጨርቅ ታስሯል፤ ፖፖው ሳይቀር አጠገቡ ይታያል። ሰዎቹ ታሰሩ፣ ፎቶውም ታገደ፤ በ1907 በወጣው ሕግ የሰው መልክ ያለ ፈቃዱ እንዳይሰራጭ ተከለከለ። ሕጉ ዛሬም ይሠራል። ሰው ከሞተ በኋላ እስከ አሥር ዓመት ፈቃዱ የሚጠየቀው ከቤተሰቡ ነው። ያገሬ እናቶች አንቀጹን ሳያነቡ «ለብሼ ልምጣ» ብለው በሁለት ቃል ጨርሰውታል።

በእኛ ዘንድ ፎቶ የሚነሣው ለሁለት ቦታ ነው፦ ለሳሎኑ ግድግዳና ለለቅሶው ቀን። እናትየው ልብስ ሲቀይሩ ሁለቱንም ያስባሉ። አንዲት የጎረቤት እናት፣ ከጮቄ ተራራ ሥር፣ አንሥቼ ባሳየኋቸው ጊዜ ደጋግመው ካዩት በኋላ «ይኼስ ለዚያ ቀንም ይሆናል» አሉኝ፤ በደስታ ነው ያሉት። ሲስቁ ያነሣኋቸውንም አሳየኋቸው። «ይኼን ላንተ ያዘው» አሉ።

ብርሃኑን በተመለከተ ኮሎኝ የለመደ ዓይን ማርቆስ ላይ ይሳሳታል። እዚህ በታኅሣሥ እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ 16 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው የምትወጣው፤ ቀኑን ሙሉ ከጎን ታበራለች። ደብረ ማርቆስ በሚያዝያ ስድስት ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ዓይን ከግንባር ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል። ነጭ ነጠላና ጠይም ፊት አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ ስልኩ ነጩን አይቶ ሁሉንም ያጨልመዋል። መፍትሔው ቤቱ ላይ አለ። ክዳኑ ጥላ በሚጥልበት ደጃፍ አቁሟቸው፣ ፊታቸው ወደ ግቢው ይሁን። የግቢው ብርሃን ከፊት ይመጣል፣ ነጠላው ከታች መልሶ አገጫቸውን ያበራል፤ እኔ እዚህ በብዙ ዩሮ የምገዛውን አንጸባራቂ እሳቸው ለብሰውታል። ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን ንኩ፣ ብርሃኑን በጥቂቱ ቀንሱ። አታጉሉ፤ ሁለት ሜትር ያህል ቀረብ በሉ።

የጎጃም መንገድ እንደ ልብ በማይታመንበት በአሁኑ ጊዜ ሄዶ ማንሣት ላልቻለ፣ እዚያው ላለ ዘመድ ይህንኑ መንገር ይቻላል። በቴሌግራም ሲልክ እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላከው መተግበሪያው ያሳንሰዋል። አንዱንም እዚያው ማርቆስ ፎቶ ቤት አሳትሞ ይስጣቸው። የትኛው ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀል እሳቸው ያውቃሉ።