በድኝ የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች፦ የፍሳሽ ጉድጓድ ጋዝ ከየት ይመጣል?

በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ፣ በዐረብኛ «ቁርም» የሚባሉት የማንግሮቭ ዛፎች በሚበቅሉበት ረግረግ ጥቂት የቆፈረ ሰው ከላይኛው ደለል በታች ጥቁር ጭቃ ያገኛል፤ ወዲያውም የገማ ዕንቁላል የሚመስል ሽታ አፍንጫውን ይመታዋል። ይኸው ሽታ ተዘግቶ በቆየ የፍሳሽ ጉድጓድ አፍ ላይም ይገኛል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፦ ኦክስጅን በሌለበት ስፍራ የሚኖሩና በኦክስጅን ፈንታ የድኝ ወይም የሰልፈር ውሁዶችን የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች።

መተንፈስ ሲባል አየር መሳብ ብቻ አይደለም። በሕዋስ ውስጥ ከምግብ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ ጉልበት ይገኛል፤ በመጨረሻም የሚቀበላቸው ያስፈልጋል። የሰው ሕዋስ ተቀባይ ኦክስጅን ነው። የእነዚህ ባክቴሪያዎች ተቀባይ ግን በአብዛኛው ሰልፌት የሚባለው የድኝና የኦክስጅን ውሁድ ነው፤ እርሱም 8 ኤሌክትሮኖችን ተቀብሎ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ወደተባለው መርዛማ ጋዝ ይለወጣል። ይህን ሥራ የሚያከናውን ባክቴሪያ መኖሩን ሆላንዳዊው ሊቅ ማርቲኑስ ቤየሪንክ በ1895 እ.ኤ.አ. ገልጸዋል። ጥሬ ዕቃው እጥረት የለበትም፤ በአንድ ሊትር የባሕር ውኃ ውስጥ በአማካይ 2.7 ግራም ገደማ ሰልፌት ይገኛል።

ችግሩ ከደጃፉ ላይ ነው። የባክቴሪያው ሕዋስ በቅባት ሽፋን የተከበበ ነው፤ ሰልፌት ደግሞ ሁለት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስለተሸከመ በቅባት ውስጥ አያልፍም። የሕዋሱ ውስጠኛ ክፍልም አሉታዊ በመሆኑ ወደ ውጭ ይገፋዋል። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የተተከለ አጓጓዥ ፕሮቲን ያስፈልጋል።

ብዙዎቹ ሌሎች ባክቴሪያዎች ድኝን የሚፈልጉት ለአካላቸው ግንባታ ነውና ጥቂት ይበቃቸዋል፤ ለማስገባትም ኤቲፒ የተባለውን የሕዋስ ነዳጅ ያወጣሉ። በሰልፌት የሚተነፍሱት ግን ያለማቋረጥ ብዙ ማስገባት አለባቸው። በዚያ ላይ የገባውን ሰልፌት ለሥራ ለማዘጋጀት የ2 ኤቲፒ ያህል ጉልበት ይጠፋል። በደጃፉም ቢከፍሉ ኖሮ ከትርፋቸው እጅግ ጥቂት በቀረላቸው ነበር። ስለዚህ ሌላ ዘዴ አላቸው፦ ሰልፌቱ ከውጭ ወደ ውስጥ ከሚገፉ አዮኖች ጋር ተዳብሎ ይገባል። የባሕር ባክቴሪያዎች በሶዲየም፣ የጨው አልባ ውኃ ባክቴሪያዎች በሃይድሮጅን አዮን ይጠቀማሉ። ፕሮቲኑ ወደ ውጭ ተከፍቶ ሁለቱን ይይዛል፣ ቅርጹን ይለውጣል፣ ወደ ውስጥ ተከፍቶ ይለቃቸዋል።

ቁጠባው እዚህ ላይ አያበቃም። ሰልፌቱ ከ2 የሃይድሮጅን አዮኖች ጋር ሲገባ፣ በመጨረሻ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድም 2 ሃይድሮጅን ይዞ በሽፋኑ ውስጥ በራሱ ያልፋል፤ ሒሳቡ ይዘጋል። ሰልፌት በአካባቢው ሲመናመን ደግሞ 3 አዮኖች አብረው እንዲገቡ ይደረጋል፤ በዚህም ባክቴሪያው በውስጡ ከውጪው ከ1000 እጥፍ በላይ የሆነ ክምችት ሊይዝ ይችላል።

ሰልፌት ብቸኛው ምንጭ አይደለም። አንዳንዶቹ ኢሴቲዮኔት የተባለውን ካርቦን አዘል የድኝ ውሁድ ያስገባሉ። በዚህ ጊዜ በሕዋሱ ሁለት ሽፋኖች መካከል የሚገኝ ፕሮቲን ውሁዱን እንደ እጅ ጨብጦ በውስጠኛው ሽፋን ላይ ላለው አጓጓዥ ያስረክበዋል፤ አጓጓዡም በሶዲየም ግፊት ያስገባዋል። በሰው አንጀት የሚኖረው ቢሎፊላ የተባለ ባክቴሪያ በሐሞት ውስጥ ከሚገኘው ታውሪን ኢሴቲዮኔት ይሠራል፤ ከዚያም ያንኑ ጋዝ ያመነጫል።

በአንጀት ውስጥ ጥቂት የሆነው ይህ ጋዝ በተዘጋ ጉድጓድ ሲከማች ይገድላል። ከአየር ስለሚከብድ ወደታች ይተኛል፤ ዝቃጩ ሲነካም በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ ይችላል። ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 100 ያህሉን ሲይዝ የማሽተት ኃይልን ያደነዝዛል። ስለዚህ ሽታው ጠፋ ማለት ጋዙ ጠፋ ማለት አይደለም። ከዚያ በላይ ሲበዛ የሰው ሕዋስ ኦክስጅንን እንዳይጠቀም ያግዳል፤ ከኦክስጅን የራቀ ባክቴሪያ የተወው ትንፋሽ የሰውን ትንፋሽ ያቋርጣል።

በፍሳሽ መስመር፣ በጉድጓድና በታንከር ጽዳት የተሰማሩ ወገኖች በአፍንጫቸው ሳይሆን በጋዝ መለኪያ መሣሪያ ይመኑ። ከመግባት በፊት አየሩ ይለካ፣ ጉድጓዱ ይናፈስ፤ የሚገባው ሰው በመታጠቂያና በገመድ ይያዝ፣ ከላይም የሚጠብቅ ሰው ይኑር። ተራ የጨርቅ ጭምብል ይህን ጋዝ አያግድም። ባልደረባ ከውስጥ ቢወድቅ ያለ መተንፈሻ መሣሪያ ተከትሎ መግባት ሁለተኛ ሞት መጨመር ነው፤ በገመዱ መሳብና የነፍስ አድን ሠራተኞችን ወዲያው መጥራት ይገባል።