እንቁራሪትና ጨው

እስቲ አንድ ጥያቄ። እንቁራሪት ቀኑን ሙሉ ኩሬ ውስጥ ትውላለች። ታዲያ የገላዋ ጨው ለምን አያልቅባትም?

በእርግጥ ጨዉ ጥቂት በጥቂት ይወጣል። ነገር ግን ቆዳዋ ከኩሬው ውሃ ጨው እየለቀመ ወደ ውስጥ ያስገባል። ይህ ሥራ ጉልበት ይጠይቃል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1951 ዓ.ም. የዴንማርኩ ተመራማሪ ሃንስ ኡሲንግና የሥራ ባልደረባው የእንቁራሪት ቆዳ ወጠሩ። በግራና በቀኙ እኩል የጨው ውሃ አደረጉ። ጨዉ ከውጭ ወደ ውስጥ እየተገፋ ሲገባ በመሣሪያ ለኩት።

ቆዳው ግን ትእዛዝ ይቀበላል። በገላዋ ጨው ሲያንስ ከዕጢ አልዶስቴሮን የሚባል ሆርሞን ይወጣል። ሆርሞን ማለት በደም የሚላክ መልእክተኛ ነው። መልእክቱ ቆዳው ዘንድ ሲደርስ የጨው መግቢያ በሮች ይበዛሉ።

ይኸው ሆርሞን በእኛም ሰውነት አለ። በእኛ ዘንድ ዋናው የሥራ ቦታው ኩላሊት ነው። በሽንት ሊወጣ የነበረውን ጨው ያስመልሳል። ከመጠን ሲያልፍ ግን ጨውና ውሃ ይከማቻል፤ የደም ግፊትም ይጨምራል። የደም ግፊት ደግሞ ሳያሳምም ይጎዳል። ስለዚህ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተለኩ። በደህና ያገናኘን!