የብረት ምድጃ እንደ ምጣድ ይሟሻል

በቨርጂኒያ ወይም በሜሪላንድ አሮጌ ቤት የገዛ ሰው፣ ምድር ቤቱ ውስጥ በአራት አጫጭር እግሮች የቆመ፣ ከጀርባው ወደ ጭስ ማውጫው ቧንቧ የዘረጋ የእንጨት ምድጃ ሊያገኝ ይችላል። አንድ ወዳጄ ያገኘው ምድጃ ጥቁርነቱ ከለቀቀው ቆይቷል። ላዩን ብዳስሰው ጣቴ በርበሬ የነካ መሰለ። በሩን ስንከፍት ደግሞ ከዓመታት በፊት የነደደ ማገዶ አመድ እንደተኛ ነው።

ዋናው ጥፋተኛ ያ አመድ ነበር። አመድ ሲነኩት ደረቅ ይምሰል እንጂ በውስጡ ያለው ጨው ከአየር እርጥበት ይስባል። የአካባቢው በጋ ደግሞ ወበቃም ነው። ብረት ውሃና ኦክስጅን ካገኘ ይዝጋል። ስለዚህ ምድጃን ዝገት የሚበላው ሲነድ ሳይሆን ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ነው።

እንዲህ ያለ ምድጃ በአሮጌ ቤት መገኘቱ አያስገርምም፤ የብረት ምድጃ በአሜሪካ የቆየ ታሪክ አለው። ቤንጃሚን ፍራንክሊን በራሱ ንድፍ የተሠራውን ምድጃ የሚያስረዳ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1744 አሳትሟል፤ የፔንሲልቬኒያ ገዥ የፈጠራ መብት ሊሰጡት ቢፈልጉም አልተቀበለም። ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላም ብዙ ቤተሰብ ወደ ማገዶ ተመለሰ፤ ታዋቂው ምድጃ አምራች ቨርሞንት ካስቲንግስ የተቋቋመው በ1975 ነው።

ብዙዎቹ ምድጃዎች የሚሠሩበት ብረት ካስት አይረን ይባላል። ከ2 በመቶ በላይ ካርቦን ያለው፣ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት ነው። ሙቀትን ይዞ ይቆያል፤ ግን እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ምድጃውን ለማደስ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ፍተሻ ይቀድማል። እኛም ክፍሉን አጨልመን ባትሪ አብርተን ምድጃው ውስጥ አስገባን። ከአንድ መጋጠሚያ ቀጭን የብርሃን ክር ወጣ። መጋጠሚያ እሳት በሚችል ሲሚንቶ ይደፈናል፤ ብረቱ ራሱ ከተሰነጠቀ ግን ባለሙያ ሳያየው እሳት አይነካውም። የጭስ ማውጫውም እንዲሁ ሳይፈተሽና ሳይጠረግ አይነደድበትም።

ዝገቱ የሚነሳው በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ነው፤ አፍና አፍንጫ በደንብ ተሸፍኖ። በአሮጌ ምድጃ በር ዙሪያ ያለው ገመድ አስቤስቶስ፣ እ.ኤ.አ. ከ1978 በፊት የተቀባ ቀለም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ጥርጣሬ ካለ ከመፋቅ በፊት ማስመርመር ይገባል። ዝገትን በአቼቶ ማሟሟትም ይቻላል፤ ነገር ግን እርጥበቱ ወዲያው ካልደረቀ ዝገቱ በዚያው ቀን ይመለሳል። ብረቱ ግራጫ ሆኖ ሲወጣ አቧራው ተጠርጎ በአሴቶን ይወለወላል። ከዚያ በኋላ በባዶ እጅ አይነካም፤ የእጅ ቅባት ቀለሙን እንዳይዝ ያደርገዋል።

ተራ ቀለም እዚህ አይሠራም፤ ተቃጥሎ ይላጣል። ለምድጃ የተዘጋጀው ቀለም ሲሊኮን ያለበት ሆኖ እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይችላል። ምድጃው ቀዝቅዞ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ስስ አድርጎ ሁለት ጊዜ መቀባት አንዴ አወፍሮ ከመቀባት ይሻላል። እሳቱ የሚነድበት የውስጥ ክፍል አይቀባም።

ብዙ ሰው ሥራው እዚህ ያለቀ ይመስለዋል። ቀለሙ ግን ደረቀ እንጂ አልጠነከረም፤ የሚያጠነክረው እሳት ነው። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ ሲገዙ በጎመን ዘር እያሹ በእሳት ያሟሹት እንደነበረው፣ ምድጃም ይሟሻል። መጀመሪያ ትንሽ እሳት ይነድና እስኪበርድ ይተዋል፤ ቀጥሎ ከፍ ያለ፤ በመጨረሻ ሙሉ እሳት። በዚህ ጊዜ ከቀለሙ ጭስና ኃይለኛ ሽታ ስለሚወጣ መስኮት ይከፈታል፤ ሕፃናትም ከክፍሉ ይርቃሉ። ወዳጄ በመጀመሪያው ቀን ግንድ ሊጨምርበት ቸኩሎ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ያዝኩት። ሦስት ቀን ታገሠ፤ ቀለሙም ያዘ።

አሁን የብርዱ ወራት ሲያልፍ አመዱን ጠራርጎ ያወጣል፤ ክዳን ባለው የብረት ባልዲ አድርጎ ከቤት ርቆ ያስቀምጠዋል፤ በአመድ የተዳፈነ ፍም ለቀናት ሊቆይ ይችላልና። የምድጃውን ዕድሜ የሚያረዝመው ከቀለሙ ይልቅ ይህ በዓመት አንዴ የሚሠራ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።